የሰመጠ መርከብና የአጅባር በሶ

ከስቶክሆልም በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን፣ ሳይንት አጅባር፣ እናቴ ቤት፣ ቆሎው ዞሮ አቦሉ ከተቀዳ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ አፍ አፌን ያየኝ ጀመር።

«እስቲ ንገረና፣ እዚያ ፈረንጅ አገር ምን አየህ?» አለች እናቴ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያየሁት ነገር ሁሉ ልውጣ ልውጣ እያለ ጉሮሮዬ ላይ ተጋፋና አንዱ ብቻ ሾልኮ አመለጠ። «የሰመጠ መርከብ።»

«እኔን ይድፋኝ! ስንት ሰው አለቀ?»

«ኧረ እማዬ፣ የሰመጠው ድሮ ነው። 400 ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው።»

እናቴ ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጠች። «እና 400 ዓመት ሙሉ ምን ሲሠሩ ቆይተው ነው አንተ ስትሄድ የሚያሳዩህ?»

«አውጥተው፣ አድርቀው፣ ቤት ሠርተውለት ነዋ።»

«የሰመጠውን?»

«የሰመጠውን።»

«ከፍለህ ነው ያየኸው?»

እዚህ ላይ ዋሸሁ። ወደ 200 ክሮነር ግድም ነው የተከፈለልኝ፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ አንዱ ክሮነር ከ10 ብር በላይ ይመነዘር ነበር። ሒሳቡን አንባቢ ይሥራው፤ እናቴ ግን እንዳትሰማ።

የመንገዱ ነገር የመጣው በታናሽ እህቴ ነው። ስዊድን ከገባች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ሥራዋ አቅመ ደካማ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየዞሩ መርዳት ነው፤ ወገቧን ያማታል፣ ስልክ ላይ ግን ትስቃለች። «ጋሼ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ና፤ ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ» አለች። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ከ20 ዓመት በላይ ጠመኔ ቅሜያለሁ። ስለ ብዙ አገር አስተምሬያለሁ፤ የረገጥኩት ግን ከደሴና ከአዲስ አበባ ብዙም አያልፍም። ሐምሌ እኛ ዘንድ ጭቃና ጉም ነው፤ እነሱ ዘንድ ፀሐይዋ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ አልገባም ብላ ታስቸግራለች። እሺ አልኩ።

ሻንጣዬ 23 ኪሎ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 15ቱ የእናቴ ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሶ። ቅቤውን ልትጨምር ስትል እህቴ በስልክ «ቅቤ አይገባም፣ ይጣላል!» ብላ ስለጮኸች ቅቤው ከእንባ ጋር ወደ ቅሉ ተመለሰ። በሶው ግን አለፈ። ያ በሶ ባይኖር ይህ ወግ አይኖርም ነበር፤ ምክንያቱም ስቶክሆልም ሙዚየም ደጃፍ ላይ የሚሸጥ አንድ ሳንድዊች፣ አጅባር ገበያ ላይ ቤተሰብ ቁጭ አድርጎ ያበላል።

በማግስቱ እህቴ 1500 ክሮነር በፖስታ አድርጋ «ይቺ ለመዝናኛህ» አለችኝ። እኔም ወገቤ ላይ አሰርኩት። ለሁለት ቀን አንድ የሚከፈልበት ነገር፣ ቀሪው በእግር፣ ምሳ በሶ፤ ይህን በልቤ ሕግ አድርጌ አወጣሁ። አስጎብኚዬ የእህቴ ልጅ ሆነች። 11 ዓመቷ ነው፤ እዚያው ተወልዳ እዚያው ያደገች። አማርኛ ትችላለች፤ ግን አማርኛን የሰማችው ከእናቷ አፍ ብቻ ነው፣ እናቷ ደግሞ እሷን የምትጠራት «አንቺ» እያለች ነው። ስለዚህ በልጅቷ አማርኛ የሰው ልጅ ሁሉ አንቺ ነው።

«አጎቴ፣ ጫማሽን አሰርሽ?»

መጀመሪያ ላይ ላርማት ሞከርኩ። «ለወንድ አንተ ነው የሚባል።» አሰበች። «ታዲያ አንቺ ለምን አንቺ አይባልም?» አለችኝ። መምህር ነኝ፤ ክፍል ውስጥ የማላውቀው ጥያቄ ሲመጣ እንደማደርገው «ነገ እንመለስበታለን» አልኩ። አልተመለስንበትም።

የመጀመሪያው ሙዚየም ደጃፍ ላይ ወገቤን ፈትቼ፣ ፖስታውን አውጥቼ፣ ብሩን ቆጥሬ ለገንዘብ ተቀባይዋ ዘረጋሁ። ሴትዮዋ የሞተ አይጥ የዘረጋሁባት ይመስል በትሕትና ወደ ኋላ አለች። ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ካርድ ብቻ። አውቶቡሱም አይቀበልም፣ ቡና ቤቱም አይቀበልም፤ ሽንት ቤት እንኳን ካርድ አስነክተህ ነው በሩ የሚከፈተው። (ለዚህ ግልጋሎት እኛ ዘንድ ከገብሱ ማሳ ጀርባ ያለው ቦታ ሁሉ ነፃ ነው፤ ነፋሱን ብቻ መጠንቀቅ ነው።) ነገሩ ይበልጥ የገረመኝ የታሪክ መምህር በመሆኔ ነው፤ በአውሮፓ የመጀመሪያውን የወረቀት ገንዘብ ያተመው እኮ የስቶክሆልም ባንክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1661። ለአውሮፓ ወረቀት አስለምደው ሲያበቁ እነሱ ተዉት። እኔ አሞሌ ጨው ይዤ ብሄድ ሴትዮዋ የምታየኝ እንደዚያው ነበር።

የእህቴ ልጅ ከኪሷ የራሷን ካርድ አውጥታ «ቲክ» አደረገችና ከፈለች። የ11 ዓመት ልጅ ለጎልማሳ አጎቷ! ለራሷ ደግሞ አልከፈለችም፤ ከ18 ዓመት በታች በነፃ ነው። ፖስታው ወደ ወገቤ ተመለሰ።

ይህ እንግዲህ ቫሳ የሚባለው መርከብ ያለበት ቤት ነው። መግቢያው ላይ ያለችው የአየር ቅዝቃዜ የደጋ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌትን ታስታውሳለች፤ ጨለም ያለ፣ ዝም ያለ፣ እንጨት እንጨት የሚሸት። ቀና ስል መርከቡ ከነግንዱ ከነምሰሶው ከላዬ ቆሟል። 69 ሜትር ርዝመት፣ 64 መድፍ የሚጭን፣ ኋላው በአንበሳና በነገሥታት ምስል የተቀረጸ። ሳላስበው ኮፍያዬን አወለቅሁ። ልጅቷ «አጎቴ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም እኮ» አለች። አውቃለሁ፤ ግን ትልቅ እንጨት ሳይ ኮፍያ ማውለቅ ልማዴ ነው።

ታሪኩን ግድግዳው ላይ ካለው ጽሑፍ እየቆነጠረች ተረጎመችልኝ። ንጉሥ ጉስታቭ 2ኛ አዶልፍ ከፖላንድ ጋር ጦርነት ላይ ነበርና እጅግ የሚያስፈራ መርከብ አሠራ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1628፣ የከተማው ሕዝብ ዳር ዳር ቆሞ እልል ሲል፣ ቫሳ ሸራውን ዘርግቶ ከወደቡ ወጣ። 1300 ሜትር ያህል ሄደ። ለስለስ ያለ ነፋስ መጣ፤ መርከቡ አንዴ አዘመመ፣ ተመለሰ፤ ሁለተኛ አዘመመ፣ አልተመለሰም። ክፍት በነበሩት የመድፍ መስኮቶች ውሃው ገባ፤ 30 ያህል ሰው ይዞ ወረደ።

«1300 ሜትር ብቻ?» አልኩ።

«ከታች ሆዷ ቀላል ነበር፤ ከላይ ጭንቅላቷ ከባድ ነበር» አለች የእህቴ ልጅ። እንዲህ ያለ ባለሥልጣን ብዙ አውቃለሁ፤ ግን ለልጅ አይነገርም።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ከመስመጡ በፊት የሆነውን ነው። መርከቡ ገና ወደብ ላይ ሳለ ሥጋት ነበርና 30 ሰው መርከቡ ላይ ከዳር ዳር እንዲሮጥ ታዘዘ። ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ መርከቡ ሊገለበጥ ደረሰ። ይህን ጊዜ የባሕር ኃይሉ ሹም ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሩጫውን አስቆመ! መርከቡን አላስቆመም። ንጉሡ ቶሎ ይላክልኝ እያለ ከጦር ሜዳ ይጽፋል፤ ማን ደፍሮ «ጌታዬ፣ መርከብዎ ይወላገዳል» ይለዋል? ከዚያ ሲሰምጥ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ካፒቴኑ ታሠረ፣ ተጠየቀ፣ ተለቀቀ። መድፉ ታስሮ ነበር፤ መርከበኛው አልሰከረም፤ አናጢዎቹ የተሰጣቸውን ልክ ነው የሠሩት፤ ልኩን ያጸደቀው ንጉሡ ራሱ ነው። ዋናው አናጢ ደግሞ መርከቡ ከመስመጡ ከአንድ ዓመት በፊት ሞቷል። በመጨረሻ ማንም አልተቀጣም። ስንት የግምገማ ስብሰባ ላይ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ቃለ ጉባኤ ሳላነበው አውቀዋለሁ። ጥፋት የሟች ድርሻ ነው።

አንዲት መስታወት ውስጥ ደግሞ የአናጢዎቹ የእንጨት መለኪያዎች ተኝተዋል። ከመርከቡ ውስጥ የተገኙ ናቸው። ሁለቱ በስዊድን ጫማ የተለኩ፣ አንዱ ጫማ 12 ኢንች፤ ሁለቱ በአምስተርዳም ጫማ የተለኩ፣ አንዱ ጫማ 11 ኢንች። የመርከቡ ግራና ቀኝ የተለያየ ሰው የተለያየ መለኪያ ይዞ ሲሠራው ይታያችሁ። እዚህ ላይ ሳቄ አመለጠኝና ጥበቃው ዞር ብሎ አየኝ። ምን ላድርግ፣ የአጅባር ገበያ ትዝ ብሎኝ ነው። ልጅ ሆነን አቡጀዲ በክንድ ነበር የሚለካው፤ ነጋዴው የገዛ ክንዱን ሲዘረጋ እኛ ደግሞ ክንደ ረጅም አጎታችንን ይዘን እንሄዳለን። ክርክሩ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንዳንዴ ሸሚዙ አንዱ እጅጌ አጥሮ ይወጣል፤ የሰመጠ ሰው ግን አልነበረም።

መርከቡ ከ333 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1961፣ ከውሃ ወጣ። እንዴት ሳይበሰብስ ቆየ ለሚል ሰው መልሱ ምስጥ ነው፤ ማለትም የምስጥ አለመኖር። የባልቲክ ባሕር ጨው ቀጭን ስለሆነ እንጨት የሚቦረቡረው የባሕር ትል አይኖርበትም። ከወጣ በኋላ ደግሞ እንዳይሰነጣጠቅ 17 ዓመት ሙሉ ሰም መሰል ኬሚካል ሲረጩት ኖሩ። 17 ዓመት! አባቴ አንዱን ማረሻ ዕርፍ ከቅንቅን ለመጠበቅ ጭስ ላይ ሰቅሎ ያኖር ነበር፤ ያን እንኳን እንደ ጉድ ነበር የምናወራው።

ስንወጣ ውሃው ዳር ቁጭ ብለን በሶውን አወጣሁ። ከሕዝብ ቧንቧ ውሃ ቀዳሁ (ይህ በነፃ ነው፣ ደግሞም ንጹሕ)፣ አሸሁት፣ ጭብጦ አድርጌ ለልጅቷ ሰጠኋት። አጠገባችን ፊካ የሚሉትን የሚያደርጉ ሰዎች ተቀምጠዋል። ፊካ ማለት ቡናና ቂጣ መሰል ጣፋጭ ይዞ ቁጭ ማለት ነው፤ ጥሩ ባህል ነው፣ እኔ ያየሁት ግን ቡናው አንድ ስኒ ነው። ቶና የለ፣ በረካ የለ፤ ጨዋታው ገና ሳይሟሟቅ ስኒው ያልቃል። አንዲት ሴት በሶውን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀች። የእህቴ ልጅ በስዊድንኛ ረዥም ነገር ነገረቻት። «ምን አልሻት?» አልኩ። «የተራራ ምግብ ነው፣ መርከብ ላይ አይጫንም፣ ከባድ ነው አልኳት።»

በሁለተኛው ዙር ቤተ መንግሥቱ ምድር ቤት ያለውን የነገሥታት የጦር ዕቃ ቤት አየን። እዚያ ያ መርከብ አሠሪ ንጉሥ ተከትሎ ጠበቀኝ። ፈረሱ ቆሟል። ምስሉ አይደለም፣ ራሱ ፈረሱ፣ ቆዳው ተሞልቶ። ስሙ ስትሬይፍ ይባላል። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1632 ጀርመን ውስጥ ሉትዘን በሚባል ቦታ ሲዋጋ የወደቀው ከዚህ ፈረስ ላይ ነው፤ ፈረሱም በዚያ ቁስል ሞተ። እንግዲህ ይህ ንጉሥ በባሕርም በየብስም አልቀናውም ማለት ነው። እኛ ነገሥታቱን በፈረሳቸው ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያልን እናነሳለን፤ ስሙን አስቀርተን ፈረሱን ሸኘን። እነሱ ደግሞ ፈረሱን አስቀርተውታል። የትኛው ይሻላል የሚለውን ለማሰብ ፈረሱ ፊት ቆሜ ቀረሁ፤ የብርጭቆ ዓይኑ ግን «እስካሁን ያቆሙኝ ይበቃል፣ አሳርፉኝ» የሚል መሰለኝ።

ግን እኔን ያስደነገጠኝ ዓመተ ምሕረቱ ነው። 1632! ይህን ዓመት ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። አፄ ሱስንዮስ በሃይማኖት ምክንያት በተነሳ ጦርነት ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ ለልጃቸው ለፋሲል ዙፋን የለቀቁበት ዓመት ነው፤ በእኛ 1624። እዚያ ጉስታቭ ከካቶሊኮች ጋር ሲዋጋ ሞተ፤ እዚህ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው ሕዝባቸው አልቀበል አላቸው። በአንድ ዓመት! ይህን በእጄ አየር ላይ እየጻፍኩ ለእህቴ ልጅ ሳስረዳ ሦስት ቱሪስቶች ቆመው ያዳምጡኝ ጀመር። በአማርኛ ነው የምናገረው። ስጨርስ አንደኛው አጨበጨበ። በ20 ዓመት ማስተማር ይህ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ እንዲያውም ሰውዬው ክፍያ ቢጠይቀኝ ካርድ አስነካ ነበር።

ስካንሰን የሚባለውን አልገባሁበትም። እ.ኤ.አ. በ1891 የተከፈተ የሜዳ ላይ ሙዚየም ነው፤ ከየገጠሩ የድሮ ጎጆ ነቅለው አምጥተው እዚህ ተክለዋል፤ ፍየልም አለ፣ ድብም አለ፣ ሱፍ የምትፈትል ሴትም አለች። በአጥሩ በኩል አየሁ። ጎጆና ፍየል ለማየት ልክፈል? የእህቴ ልጅ «ተኩላም አለ» ብላ ልታባብለኝ ሞከረች። «እኛ ዘንድ ደንቆሮ ጫካ ቀይ ቀበሮ አለ፤ ዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ አይገኝም» አልኳት። «ደንቆሮ ማለት የማይሰማ አይደለም?» አለች። «ነው፤ ጫካው ግን ይሰማል» አልኩ። ወደ ጀልባው ሄድን።

የዚህች ከተማ መንገድ ግማሹ ውሃ ነው። ከተማው 14 ደሴት ላይ ተቀምጧል፤ ወደ ባሕሩ ወጣ ሲሉ ደግሞ ኮረቱም ቋጥኙም ተቆጥሮ ወደ 30,000 ደሴት አለ። እህቴ የሳምንት የትራንስፖርት ካርድ ሞልታልኝ ስለነበር አውቶቡሱም፣ ከመሬት በታች የሚሄደው ባቡርም፣ ከስሉሰን ወደ ሙዚየሞቹ ደሴት የምትሻገረው ጀልባም በዚያው ነው። ካርድ ተሞልቶ ቁጭ ማለት አልሆነልኝም፤ በሶው ሆድ ውስጥ እንዲንከባለል ከጠዋት እስከ ማታ ተንከባለልኩ። ባቡር ጣቢያዎቹ ራሳቸው ሙዚየም ናቸው፤ ከ100ዎቹ ጣቢያዎች ከ90 በሚበልጡት ሥዕል ወይም ቅርጽ አለ። አንዳንዱ ከአለት የተፈለፈለ ዋሻ ነው፤ አለቱን ሳይሸፍኑ ቀለም ቀብተውታል። ሶልና ሴንትሩም የሚባለው ጣቢያ ጣሪያው እሳት የመሰለ ቀይ ነው፤ ስወርድ «ላሊበላን ገሃነም ላይ ሠሩት እንዴ?» አልኩ። ልጅቷ ላሊበላ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሥዕል ባለበት ዋሻ ውስጥ፣ ባቡር እየጠበቅን፣ ስለ ላሊበላ አስተማርኳት።

ከሁሉ ያስደሰተችኝ ግን ሐማርቢ የሚባለው ሰፈር ያለችው ጀልባ ናት። ትንሽ ናት፤ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው በጥቂት ደቂቃ ታደርሳለች። በነፃ! ካርድ የለ፣ ትኬት የለ፣ ጠያቂ የለ። «ገንዘቡን ማን ይከፍላል?» አልኩ። «ከተማው» አለች። አላመንኩም፤ ወጣን፣ ተመለስን፣ ማንም አልጠየቀንም። ሰባት ጊዜ ተሻገርን። በአምስተኛው ነጂው እጁን አነሳልኝ፤ በሰባተኛው መረቅሁት።

እዚያች ጀልባ ላይ ተቀምጬ ስለ ደሴት አሰብኩ። ደገኛ ስለ ደሴት ምን ያውቃል የሚል ሰው ሳይንትን አላየም። በምዕራብ ዓባይ፣ በሰሜን በሽሎ፤ ሁለቱም ሸለቆውን ቆፍረው ቆፍረው እኛን ከላይ ትተውናል። ክረምት ሲገባ በሽሎ ይሞላል፤ ማዶ ያለ ዘመድ ቢሞት ለቅሶው ከወዲህ ነው። ጎንደር በዓይን ይታያል፣ ጎጃም በዓይን ይታያል፤ እግር ግን ወርዶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ተሻግሮ፣ እንደገና ወጥቶ ነው። ይህ ደሴት ካልሆነ ምንድነው? ውሃው ከሥር የራቀ ደሴት ነው። ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚባለው ስዊድናዊ አብራሪ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል ያበረረው፣ በ1960ዎቹ ድርቅ ሰሞን መኪና የማይደርስባቸው ተራሮች ላይ እህል ከትንንሽ አውሮፕላን ያስጥል ነበር። በ1969 ጎዴ ላይ ተገደለ። ስዊድናዊ ነዋ፣ ደሴት ሲያይ ያውቃል።

«አገራችን ደሴት ላይ ሙዚየም አለ?» አለች የእህቴ ልጅ።

«አለ እንጂ! እዚያው ወሎ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ። ድሮ ደሴት ነበር፤ ውሃው ሸሽቶ ከመሬት ተያያዘ። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ነው፤ 700 ዓመት አልፎታል፤ መጻሕፍቱ፣ ዕቃዎቹ አሉ።»

«አንቺ ገብተሻል?»

«ገብቻለሁ።»

«እኔስ እገባለሁ?»

ምራቄን ዋጥኩ። «ገዳም ነው፤ ሴት አይገባም።»

ልጅቷ ለረዥም ጊዜ ውሃውን አየች። «አጎቴ» አለች በመጨረሻ፣ «ስለዚህ እኔ አንቺ ስልሽ ደስ አይበልሽ።»

ያ ሳያንስ ጠዋት ስለ ቫሳ ያነሳነውን ቀጠለች። «ኢትዮጵያ እንደዚህ ትልቅ የጦር ዕቃ አለ?»

አሁን ሙያዬ መጣ። ተነሥቼ ቆምኩ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የውጭ አገር ሚሲዮናውያንን ይዘው መድፍ እንዳስሠሩ፣ ትልቁን ሴባስቶፖል እንዳሉት፣ ክብደቱ 70 ኩንታል እንደሚደርስ፣ ያን ሁሉ ብረት መንገድ እየጠረጉ፣ በሠረገላ፣ በሰው ጉልበት፣ በሽሎን አሻግረው መቅደላ አናት ላይ እንዳወጡት ነገርኳት። እንግሊዞች በ1860 በፋሲካ ማግስት አምባውን ሰብረው ገቡ፤ ንጉሡ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። መጽሐፉን፣ ዘውዱን፣ ጽዋውን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ወሰዱ። ዛሬም ብዙው ለንደን ነው።

«ሴባስቶፖልንም ወሰዱ?»

«አልወሰዱም። እዚያው አለ።»

«ለምን?»

«70 ኩንታል ማን ይሸከማል?»

ዓይኖቿ በሩ። «ቫሳ ከበደችና ሰመጠች፤ ሴባስቶፖል ከበደችና ቀረች!»

እንዲህ ያለ ተማሪ በሕልሜ ነው የማየው። ኩራቴ ደረቴን ሲነፋው ግን ቀጣዩ ጥያቄ መጣ።

«አይተሻታል?»

ጀልባዋ ወደ ዳር ተጠጋች። ሰው ወረደ። ሌላ ሰው ወጣ። ጀልባዋ ተነሳች።

«አጎቴ፣ አይተሻታል ወይ?»

አላየሁም። ይኸው ተናገርኩ። ከ20 ዓመት በላይ ሴባስቶፖልን አስተምሬያለሁ፤ ፈተና አውጥቼባታለሁ፤ ክብደቷን ያልጻፈ ልጅ ነጥብ ቀንሼበታለሁ። መቅደላ ደግሞ እኛው ደቡብ ወሎ ውስጥ ናት፤ ጥርት ያለ ቀን ከሆነ ወደዚያው አቅጣጫ ማየት ይቻላል። ግን መንገዱ፣ ገደሉ፣ የበቅሎ ኪራዩ፣ ሰላሙ፣ ፈተና ማረሙ፣ የሰው ሠርግ። ደሴ ያለውን ሙዚየም በወጣትነቴ አይቻለሁ፤ በ2014ቱ ጦርነት ሲዘረፍ እንኳንም ያኔ አየሁት አልኩ። ተድባበ ማርያም ጥንታዊ ቅርስ እንዳላት፣ ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ስሟ እንደሚነሳ ለተማሪ ሁሉ እነግራለሁ፤ እዚያው ሳይንት ናት፤ የሄድኩት አንድ ጊዜ ለንግሥ ነው፣ ያየሁትም የሰው ጀርባ ነው። የሌላውን የሰመጠ መርከብ ልሳለም በአየር ስሻገር፣ የራሴ መድፍ ማዶ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«መንገዱ አስቸጋሪ ነው» አልኩ።

«ከስቶክሆልም ይርቃል?»

ሰባተኛውን መሻገር ጨርሰን ወረድን።

ስመለስ ፖስታው ከነ1500 ክሮነሩ ወገቤ ላይ ነበር፤ አንድም ሰው አልተቀበለኝማ። ለእህቴ ልመልስ ስል «ለእማዬ ስጥልኝ» አለች። እንግዲህ ያን ዕለት ቡናው ላይ፣ ሦስተኛው በረካ ሲቀዳ፣ ነገሩን ሁሉ ለእናቴ አወጣሁ፤ መለኪያውን፣ ፈረሱን፣ የነፃ ጀልባዋን፣ የልጅቷን ጥያቄ። የመግቢያውን ዋጋ ብቻ አስቀረሁ። ጎረቤቶቹ በጀልባዋ ነገር አልተስማሙም፤ አንዱ «በነፃ የሚያሻግር ነገር የለም፣ ስትወርድ ይዘውህ ነበር» አለ። እናቴ ግን ሌላው ላይ ቆማ ቀረች።

«ለሰመጠ መርከብ በአውሮፕላን የሄደ ሰው፣ ቆሞ ላለ መድፍ በቅሎ ያጣል?»

«ክረምት ነው እማዬ፤ ወንዙ ሁሉ ሞልቷል።»

እሑድ እሑድ ከስቶክሆልም ይደወላል። እህቴ ጤናዬን ትጠይቃለች፤ ከዚያ ስልኩ ይነጠቃል።

«አጎቴ፣ ሄድሽ?»

«መስከረም ይጥባ።»

መስከረም ጠባ። «አጎቴ፣ ሄድሽ?»

«ጭቃው ይድረቅ።»

ጭቃው ደረቀ፤ ትምህርት ተከፈተ አልኩ። መስቀል ሆነ፤ በዓል ነው አልኩ። ባለፈው እሑድ ስትጠይቀኝ መንገዱ ሰላም መሆኑን እያጣራሁ ነው አልኳት፤ ይህኛው እንኳን እውነት ነው፤ የበቅሎ ኪራይም ጠይቄያለሁ፣ ዋጋውን ግን እናቴ ፊት አልናገርም።

ትናንት ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ የተቆላ ገብስ ሸተተኝ። እናቴ ምጣዱ ሥር ተቀምጣ ታመሳለች፤ ወንፊቱና ሰፌዱ አጠገቧ ነው።

«በሶው ለማን ነው?» አልኳት።

«ለመንገደኛ» አለች፣ ቀና ሳትል።